የእናቶቻችን የሐጅ ሻንጣ፣ የእህቶቻችን የዐረብ አገር ቦርሳ



የሐጅ ወቅት በተቃረበ ቁጥር በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች አንድ ዓይነት ግርግር ይታያል። ልጅ፣ ጎረቤት፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የእናትን ሻንጣ ያሰናዳል። አንዷ አዲስ ነጠላ ታመጣለች፤ ሌላዋ ጋቢ ትደርባለች፤ ሦስተኛዋ በሶና ቆሎ ትጨምራለች። ሻንጣው አልዘጋ ብሎ ሰው ይቀመጥበታል። ይሁንና ተጓዧን ለመከራ ከሚዳርጓት ነገሮች ብዙዎቹ ከዚሁ ሻንጣ የሚመነጩ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ኢሕራም ልብስ እንነጋገር። ሴት ነጭ ካልለበሰች ሐጇ የሚጎድል የሚመስላቸው እናቶች አሉ። ያልተሰፋ ልብስ መልበስ ግዴታ የሆነው በወንዶች ላይ ነው። ሴት ግን ሰውነቷን የሚሸፍን፣ የማያሳይና የማይጣበቅ እስከሆነ ድረስ በዘወትር ልብሷ ኢሕራም ታደርጋለች፤ ቀለሙ ጥቁርም አረንጓዴም ቢሆን ችግር የለውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኢሕራም ላይ ያለችን ሴት የከለከሏት ኒቃብና የእጅ ጓንት ነው። ባዕድ ወንድ ሲያልፍ ከራሷ ላይ ሻሽ ወደ ፊቷ ልትለቅ እንደምትችል ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል። ስለዚህ ለነጭ ቀሚስ ተብሎ ብድር መግባት አያስፈልግም። ስሱ ነጠላችንም ቢሆን ለብቻው ፀጉርን ስለማይሸፍን ከሥሩ ወፈር ያለ ሒጃብ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ለወሎ እናቶች የተለየ ማሳሰቢያ አለን። ልብስን በዕጣንና በሰንደል ማጠን የአገራችን ወግ ነው፤ ጉዞ ሲሆን ደግሞ ጭሱ ይበረታል። ነገር ግን ኢሕራም ውስጥ የገባ ሰው ሽቶ የነካው ልብስ መልበስ አይፈቀድለትም። የታጠነ ቀሚስ ታጥቦ፣ ሽታው ለቆ፣ ለብቻው ይታጠፍ። አውሮፕላኑ ሚቃትን የሚያልፈው በአየር ላይ ሳለ ስለሆነ፣ በቀጥታ ወደ ጅዳ የምትበር እናት ይህን ልብስ ከአዲስ አበባ ለብሳው ትነሳ። ሻንጣው ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ መፈለግ አይቻልም።

የጨርቁ ጉዳይ የነፍስ ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ልጆቿም ብርድ የለመዱ ናቸው። ቆላ ነች የምንላት ኮምቦልቻ እንኳ ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። በ2016 ዓ.ም. (1445 ዓ.ሒ.) ሐጅ በመስጂደል ሐረም ያለው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ የሳዑዲ መንግሥትም ከ1,300 በላይ ሑጃጅ መሞታቸውን አስታውቋል። ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ወደ ቀዝቃዛው ወቅት ቢያመራም መካ መካ ናት። ናይለንና ፖሊስተር ላብ አይመጥም፤ ሰውነትን አፍኖ ያቃጥላል። ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ሦስት ወይም አራት ይበቃል፤ ማታ ታጥቦ ጠዋት ደርቆ ይገኛል። ከሥሩ ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ለሒጃቡ ጥቂት መርፌ ቁልፍ፣ ለፀሐይም ጃንጥላ ይያዝ።

ከሁሉ የሚረሳው እግር ነው። በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ መመላለስ ብቻውን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ጠዋፉ፣ ከሙዝደሊፋ ወደ ሚና፣ ከሚና ወደ ጀመራት የሚደረገው ጉዞ አለ። እናቶቻችን ግን ለጉዞው ክብር ሲባል ዋዜማውን የተገዛ አዲስ ጫማ አጥልቀው ይሄዳሉ። ውጤቱ ሁለተኛው ቀን ላይ ውኃ የቋጠረ ተረከዝ ነው፤ የስኳር ሕመም ላለባት እናት ደግሞ ከዚያም የከፋ። ጫማው ከጉዞው አንድ ወር አስቀድሞ ይገዛ፤ ሶሉ ለስላሳ፣ ከእግር ጣት አንድ ጣት ሰፋ ያለ ይሁን፤ እግር በሙቀት ያብጣልና። ከዚያ በየቀኑ ተደርጎ ይኬድበት። ጦሳ ተራራ ሥር የከተመው ደሴ ዳገትና ቁልቁለት መች አነሰው! በዚህ መንገድ ያልላጠ ጫማ ሚና ላይም አይልጥም። ለወንዶች ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ቢከለከልም ለሴት ካልሲም ድፍን ጫማም ተፈቅዶላታል። ነጠላ ጫማ ለመታጠቢያ ቤት እንጂ ለረጅም መንገድ አይሆንም። መስጂድ በር ላይ የተተወ ጫማ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍቶ ጫማን ይዞ መግባት ነው።

ጋቢውን ግን አንከለክልም። አውሮፕላኑ፣ አውቶቡሱ፣ የሚና ድንኳኑ በማቀዝቀዣ ይበርዳል፤ ሙዝደሊፋ ላይ ደግሞ ሜዳ ላይ ይታደራል። አንድ ስስ ጋቢ ከምንጣፍ ጋር ይበቃል።

ለወጣት ተጓዦች፣ የወር አበባ መጠበቂያና ትርፍ የውስጥ ልብስ መያዝ አያሳፍርም። ወሯ የመጣባት ሴት ከጠዋፍ በስተቀር የሐጅ ሥርዓቶችን ሁሉ ትፈጽማለችና።

ከእነዚሁ ቤቶች ሌላም ቦርሳ ይወጣል፤ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የምትሄደው እህታችን ቦርሳ። እርሷን የሚሸኛት ሰው ጥቂት ነው፤ ስለ ልብሷ የሚመክራትም የለም። ዐረብ አገር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ቤሩትና አማን ክረምታቸው ብርድ ነው፣ ሹራብና ድፍን ጫማ ይጠይቃል። እርጥብ ወለል ላይ ለምትውል ሠራተኛ የማያንሸራትት ጫማ ከአምስት ቀሚስ ይበልጣል። ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎች አዲስ አበባ የወረዱት ባዶ እጃቸውን ነበር። ቦርሳ ይቀራል፤ ፓስፖርትም አሠሪ እጅ ሊገባ ይችላል። ስለሆነም በምትለብሰው ቀሚስ ውስጠኛ ክፍል፣ ብብቷ ሥር፣ አንዲት የተደበቀች ኪስ ትሰፋላት። በኪሷ ውስጥ የፓስፖርቷ ቅጂ፣ የውል ስምምነቷ ቅጂ፣ እዚያ አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ፣ የእናቷም ስልክ በወረቀት ተጽፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ሞባይል ይነጠቃል፤ ባትሪም ያልቃል። ይህችን ኪስ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ የትኛውም ልብስ ሰፊ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራታል።