ስለ ኀዘንና ስለ ተስፋ መቍረጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኀዘን በሰው ልብ ላይ ሲበረታ፥ «እምነት ቢኖርህ ኖሮ እንዲህ ባልሆንህ ነበር» የሚሉ ወዳጆች አይታጡም። ይህ አነጋገር በኀዘንተኛው ላይ ኀፍረትን ይጨምርበታል እንጂ አያጽናናውም። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷልና ማዘን ኃጢአት አይደለም። የሚያስፈራው ኀዘን ወደ ተስፋ መቍረጥ ሲለወጥ ነው። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያነሣው በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 19 ከተጻፈው ከነቢዩ ከኤልያስ ታሪክ እንማራለን።

ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በጸሎቱ እሳት ከሰማይ ካስወረደ በኋላ፥ የንግሥቲቱን የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ሸሸ። ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ፥ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ግን አልገሠጸውም። ደክሞ ባንቀላፋ ጊዜ መልአኩን ልኮ በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በልቶ ዳግመኛ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ፥ የሚጠብቀው መንገድ ሩቅ ነበርና፥ አበላው። በዚያም ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጕዞ ወደ ኮሬብ ደረሰ።

በዚያ እግዚአብሔር ጠየቀው፤ እርሱም ብቻውን እንደ ቀረ ምሬቱን ሳይሸሽግ ተናገረ። ጌታም አዛሄልንና ኢዩን ለንግሥና፥ ኤልሳዕንም ለነቢይነት እንዲቀባ አዘዘው፤ ለበዓል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉም ነገረው።

እንግዲህ ልቡ የተሰበረ ሰው አስቀድሞ ሥጋውን ይርዳ፤ ይብላ፥ ይተኛ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። ምግብና እንቅልፍ ለብዙ ቀን እንቢ ቢሉት ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ለሐኪምም ዕውቀትን የሰጠ እግዚአብሔር ነውና ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ሁለተኛም ምሬቱን ለእግዚአብሔር በጸሎት፥ ለነፍስ አባቱም በግልጥ ይናገር። ሦስተኛም፥ ትንሽም ብትሆን፥ ለዛሬ የተሰጠችውን ሥራ ይያዝ። አራተኛም «ብቻዬን ነኝ» የሚለውን አሳብ ፈጥኖ አይመን፤ ኤልያስም እንዲህ ብሎ ነበርና።

እናንተም ያዘነ ጎረቤት ያላችሁ፥ ከምክር በፊት እንጀራና ውኃ ይዛችሁ ግቡ። ሞትን የሚመኝ ሰው ብታገኙ አትቈጡት፤ ብቻውንም አትተዉት፤ ሌሊቱ እስኪነጋ አብራችሁት እደሩ፤ ሲነጋም ወደሚረዳው ሰው አድርሱት። መልአኩ ለኤልያስ ሁለተኛ ጊዜ እንደ ተመለሰለት፥ እናንተም አንድ ቀን ጠይቃችሁ አትቅሩ።

ኤልያስን በምድረ በዳ የመገበ አምላክ ያዘኑትን ሁሉ ያጽናና፤ እኛንም ለወንድሞቻችን መጽናኛ ያድርገን፤ አሜን።