የኦሜፕራዞል ጥቃቅን ፍሬዎች

ጨጓራውን ያመመው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ካፕሱል አለ፦ ኦሜፕራዞል። ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ እንደ እሱ ቶሎ ቶሎ የሚነሣ ጥቂት ነው። ሰው «ያንን የጨጓራውን» እያለ ይገዛዋል፣ ከጎረቤት ይዋሳል፣ ሲሻለው ይተወዋል። ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ብሎ የከፈተው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ከፈቱት ከተባለም አብዛኛውን ጊዜ ሊያበላሹት ነው። እኔ ግን ከማውቃቸው መድኃኒቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። የመድኃኒት ስም እንዴት እንደሚወጣ፣ መድኃኒት ከምን እንደሚሠራ፣ አንዱ ኪኒን፣ አንዱ ሽሮፕ፣ አንዱ መርፌ የሚሆነውም ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከስሙ ልጀምር። መድኃኒት ሦስት ስም አለው። ኬሚካዊ ስሙ ረጅም ነው፣ ከኬሚስቶች በቀር የሚጠራው የለም። ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የወል ስሙ ነው፤ እኛ ጄኔሪክ የምንለው። ሦስተኛው ፋብሪካው ለገበያ ያወጣለት የንግድ ስም ነው። የወል ስሞችን የሚያጸድቀው የዓለም ጤና ድርጅት ሲሆን፣ ሥራው በ1950 እ.ኤ.አ. ተወስኖ የመጀመሪያው ዝርዝር በ1953 ወጣ።

የወል ስም በዘፈቀደ አይወጣም፤ መጨረሻው ወገኑን ይናገራል። «ፕራዞል» ብለው የሚያልቁት፣ ማለትም ኦሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ላንሶፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል፣ የጨጓራን አሲድ ከምንጩ የሚዘጉ ናቸው። «ሲሊን» ብሎ የሚያልቅ ሁሉ የፔኒሲሊን ዘር ነው፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አሞክሳሲሊንም፣ አምፒሲሊንም፣ ክሎክሳሲሊንም ሲሰጠው አፉን ከፍቶ መናገር አለበት። «ፕሪል» እና «ሎል» ከደም ግፊት መድኃኒቶች፣ «ቤንዳዞል» ከትል መድኃኒቶች ጋር ይሄዳሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ የሚያሳስት አለ። አሪፒፕራዞል የሚባለው መድኃኒት ጆሮ ላይ የጨጓራ ይመስላል፤ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። የእሱ መጨረሻ «ፒፕራዞል» ነው፣ ሌላ ወገን። ስሙን ሰምቶ ብቻ ከሰው መድኃኒት የሚዋስ ሰው ይህን ይወቅ።

የንግድ ስም ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። ኦሜፕራዞል መጀመሪያ በ1988 በስዊድን ገበያ ላይ ሲውል ሎሴክ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ስም አሜሪካ ገባ። አሜሪካ ውስጥ ግን ላሲክስ የሚባል የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ የወል ስሙ ፉሮሴማይድ፣ ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃን በሽንት የሚያስወጣ። በእጅ በተጻፈ ማዘዣ ላይ ሁለቱ ስሞች አይለዩም። አንዱ ታዝዞ ሌላው ተሰጠ፣ ሰውም ተጎዳ። ስለዚህ በ1990 ሎሴክ በአሜሪካ ፕራይሎሴክ ተብሎ ስሙ ተለወጠ። እሱም ቢሆን በኋላ ፕሮዛክ ከሚባለው የድብርት መድኃኒት ጋር ይምታታ ጀመር። ኦሜፕራዞል የሚለው የወል ስሙ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ንቅንቅ አላለም።

አገር ተሻግሮ ሲሄድ ደግሞ የንግድ ስም የባሰ ያስቸግራል። አሜሪካ ፍሎማክስ የሚባለው ታምሱሎሲን ነው፤ ፕሮስቴት ያበጠባቸው ወንዶች ይወስዱታል። ጣሊያን ውስጥ በዚያው ስም የተሸጠው ፍሎማክስ ግን ሌላ መድኃኒት ነው፣ የብግነት ማስታገሻ። የወል ስሞችም ቢሆኑ አንዳንዴ ሁለት ናቸው። እኛ ፓራሲታሞል የምንለውን አሜሪካኖች አሲታሚኖፌን ይሉታል። ልጅ ከዋሽንግተን ለእናቱ ታይለኖል ይልካል። እናት ታይለኖሉን ለወገባቸው፣ ከሰፈር የተገዛውን ፓራሲታሞል ደግሞ ለራስ ምታታቸው ይወስዳሉ። ሁለቱም አንድ ናቸው። የአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያ 4 ግራም ነው፤ ከዚያ ያለፈ ጉበት ይጎዳል። ሻንጣ ውስጥ ከታይለኖሉ ጎን አድቪል ከኖረም እሱ አይቡፕሮፌን ነው፣ ጨጓራ የሚልጥ። በአንድ እጅ አድቪል በሌላው ኦሜፕራዞል ይዘው «ጨጓራዬ አልድን አለ» የሚሉ ሰዎች በየጊዜው ያጋጥሙኛል። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ መድኃኒት ስትልኩ የወል ስሙንና የምን እንደሆነ በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩ።

መደርደሪያው ፊት ቆሞ «ቀይና ጥቁሩን ስጠኝ» የሚል ደንበኛም አለ። ቀለም ስም አይደለም፤ ሌላ ፋብሪካ ሌላ ቀለም ይቀባል። ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ወቀሳ አለኝ። ስትሪፑን በመቀስ ስትቆርጡ የመድኃኒቱ ስምና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበትን ጫፍ ለራሳችሁ አስቀርታችሁ ባዶውን ለሕመምተኛው አትስጡ።

መድኃኒት ከምን እንደሚሠራ ደግሞ አጠር ላድርገው። ሞርፊን ከኦፒየም ፖፒ ፍሬ ጭማቂ፣ ኪኒን የሚለውን ስም ያወረሰን ኩዊኒን ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት፣ ፔኒሲሊን ከሻጋታ፣ አይቨርሜክቲን ከአፈር ባክቴሪያ የመጡ ናቸው። ሄፓሪን ዛሬም ከአሳማ አንጀት ይወጣል። ኢንሱሊን እስከ 1982 ድረስ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ዘረመል የገባበት ባክቴሪያ ያመርተዋል። ከእኛው አገር ደግሞ ኮሶ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ለኮሶ ትል የኮሶን አበባ ከኢትዮጵያ ያስመጡ ነበር፣ በእንግሊዝ ፋርማኮፒያም፣ ማለትም በመድኃኒቶች መዝገብ፣ ተመዝግቦ ነበር። የኮሶ ችግር ልኩ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከከረመው አቅሙ አይመሳሰልም፤ ያነሰው ትሉን አይጥልም፣ የበዛው ሰውየውን ይጥላል። ኦሜፕራዞል ከተክልም ከእንስሳም አልመጣም። አስትራ በሚባለው የስዊድን ኩባንያ ሥር በነበረው የሄስለ ቤተ ሙከራ በ1979 የተሠራ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ደረስኩ። ብዙ ሰው መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው፣ የቀረው ማሸጊያ ነው ብሎ ያምናል። የተማረውም ያልተማረውም ይህን ያምናል። ስህተት ነው፤ በኦሜፕራዞል ላይ ደግሞ ስህተቱ መድኃኒቱን ከነአካቴው ያጠፋዋል።

በሁዳዴ ጾም አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት መጡ።

«ልጄ፣ ይኼ መድኃኒታችሁ ውሃ ነው እንዴ? ሁለት ሳምንት ወሰድኩት፣ ቃጠሎው ያው ነው።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚወስዱት፣ እማማ?»

«ጉሮሮዬ ላይ እየቀረ አስቸገረኝ። ምራቴ ትከፍተውና በሙቀጫ ወቅጣ በተልባ ትሰጠኛለች፣ እግዜር ይስጣት።»

አንድ ካፕሱል ከፍቼ ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጥኩላቸው። ዱቄት አልወጣም። ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ ድቡልቡል፣ ነጣ ያሉ ፍሬዎች ወረቀቱ ላይ ተንከባለሉ። ግማሾቹን የሎሚ ጭማቂ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ፣ ግማሾቹን የዳቦ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ጨመርኳቸው። እማማ ወንበር ላይ አረፍ ብለው ጠበቁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን ስናይ ሎሚው ውስጥ ያሉት እንዳሉ ነበሩ። ሶዳው ውስጥ ያሉት ሟሙተው ውሃውን አደፍርሰውታል። ሎሚው የጨጓራ ምትክ ነበር፣ ሶዳው የአንጀት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኦሜፕራዞል አሲድ ከነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል። የጨጓራ መድኃኒት ሆኖ ጨጓራ ውስጥ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ እያንዳንዷን ፍሬ አሲድ በማያሟሟው ስስ ሽፋን ለበጧት። ፍሬዋ ጨጓራን ሳትከፈት ታልፋለች። አሲዱ ወደሚቀንስበት ወደ ትንሹ አንጀት ስትደርስ ሽፋኑ ይሟሟል፣ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ በደም ተጉዞ ወደ ጨጓራ ግድግዳ ይመለሳል፤ በፊት ለፊት መግባት ያልቻለው በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። አሲድ የሚያመነጩት ሕዋሳት ውስጥ ሲደርስ ደግሞ ያው አሲድ ይለውጠዋል፣ ሥራም የሚጀምረው ያኔ ነው። አሲድ የሚያፈሱትን ፓምፖች ይይዛል፣ ከያዘም አይለቅም። መድኃኒቱ ራሱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ የተያዘው ፓምፕ ግን አይፈታም፣ ሰውነት አዲስ እስኪሠራ ይጠበቃል። በቀን አንድ ጊዜ የሚበቃው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ እፎይታ የማይሰጠውም ለዚህ ነው፤ አቅሙ ሞልቶ የሚታየው ከሦስት አራት ቀን በኋላ ነው።

ምራቲቱ በሙቀጫ የወቀጠችው እንግዲህ ያንን ሽፋን ነበር። ለእማማ የነገርኳቸው መፍትሔ ቀላል ነው። መዋጥ ያስቸገረው ሰው ካፕሱሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን በጥቂት የብርቱካን ጭማቂ ይውሰድ፣ አያኝክ፣ አያድቅቅ፣ ወዲያው ይዋጥና ውሃ ይጠጣበት። በወተት አይሆንም። ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የያዘው ምርት እንዲህ መወሰድ ይችል እንደሆነ ባለሙያ ይጠይቅ።

ሰዓቱም ነገር አለው። መድኃኒቱ የሚይዘው ሥራ ላይ ያለ ፓምፕን ነው፣ ፓምፑን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ምግብ ነው። ስለዚህ ከቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከሆነ ጾሙን በመድኃኒቱና በውሃው ይፍታ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይብላ። በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ማታ ሲያቃጥለው የሚያስታውሰው ሰው ግማሹን ጥቅም ጥሎታል።

ጾመኞች ሌላም ጥያቄ ያነሣሉ፣ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። የካፕሱሉ ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይሠራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቁኛል። ከተክል የተሠራ ቅርፊት ያላቸው ምርቶች አሉ፣ ፓንቶፕራዞልም በኪኒን መልክ ይገኛል። ዝም ብሎ መድኃኒት ከማቋረጥ ጠይቆ መቀየር ይቻላል። የፓንቶፕራዞል ኪኒንም ግን እንደዚያችው ፍሬ የተለበጠ ነው፤ አይሰበርም።

ይህን ያወቀ ሰው የቀሩት መልኮች አይቸግሩትም። ከስሙ ቀጥሎ ኤስ አር፣ ኤክስ አር ወይም ኢ አር የሚል ፊደል ያለበት ኪኒን ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነው፤ ከተደቀቀ የቀኑን ሙሉ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ከሆነ ሰው ይጥላል። ከምላስ ሥር የሚቀመጥ የልብ ኪኒን ከተዋጠ ጉበት አብዛኛውን ያጠፋዋል። ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ከተዋጠ እንደ ሥጋ ይፈጫል፤ መርፌ የሆነው ለዚያ እንጂ «መርፌ ስለሚበረታ» አይደለም። የሕፃናት አሞክሳሲሊን በዱቄት የሚሸጠው ከውሃ ጋር ከተበጠበጠ ዕድሜው እንደየምርቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ስለሆነ ነው፤ የተረፈውን ለሚቀጥለው ልጅ አታስቀምጡ። የአምፒሲሊን ካፕሱል ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስን ደግሞ ተዉት። ያ ዱቄት ለሆድ እንጂ ለክፍት ቁስል ተብሎ ከጀርም የጸዳ አይደለም፣ ቆዳንም ያስቆጣል።

ኦሜፕራዞልን ያለ ሐኪም ለወራት የሚወስዱም አሉ። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ወይም ምግብ አልወርድ ማለት ያለበት ሰው ከመድኃኒት ቤት መስኮት ተነሥቶ ወደ ሐኪም ይሂድ። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየም በአንድ ቀን አያቁም፤ አሲዱ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

የመጨረሻው አቀማመጡ ነው። ኦሜፕራዞል እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን አይወድም። በብልቃጥ ከመጣ ውስጡ ያለችውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፣ ካፕሱሎቹን ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡ፣ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ። ከተጠራጠራችሁ አንዱን ከፍታችሁ እዩ። ፍሬዎቹ ነጣ ያሉ መሆን አለባቸው። ጠቁረው ወይም ወደ ቡናማና ወደ ወይን ጠጅ አድልተው ካገኛችኋቸው አትዋጧቸው፣ ከነማሸጊያው ወደ ገዛችሁበት መድኃኒት ቤት መልሱ።