ለራስ የሚሆን ቃል ማጣት

በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ ልጅ ለራሱ የሚሆን ቃል ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ያደግሁት መቂ ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ በሚጫንበት ከተማ። አፌን የፈታሁት በአማርኛም በኦሮምኛም ነው። በ12 ዓመቴ ልቤ የሚደነግጠው ለወንድ መሆኑን ሳውቅ ግን በሁለቱም ቋንቋ ያገኘሁት ስድብ ብቻ ነበር።

በጽሑፍ የተለመደው «ግብረ ሰዶም» ነው። ቃሉ ከኦሪት ዘፍጥረት የሰዶም ታሪክ ስለመጣ ገና ሲጠራ ፍርድ አለበት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ይቀጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ነገሩን ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል።

አዲስ አበባ ውስጥ እንደኔ ያሉ ወንዶች እርስ በርስ «ዜጋ» ሲባባሉ ቆይተዋል። ለማያውቅ ሰው ተራ ቃል ስለሆነ ይሸሽጋል። ለኔ ግን «አንተም የአገሩ ሰው ነህ» ማለት ነው።

ይህን ሳላውቅ በ17 ዓመቴ ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። «እቴቴ፣ እኔ የምወደው ወንድ ነው» አልኳት። ብዙ ዝም ብላ «ለአባባ እንዳትነግር፤ ለኔ ግን ንገረኝ» አለችኝ።

እንግዲህ ቋንቋ የምናጠና ሰዎች ቃላት ስንሰበስብ እንዲህ ያሉትንም እንመዝግብ። ቃል ያጣ ልጅ ዛሬም አለ።