ሲያረጅ የሚወደድ ዕቃ፦ የድሮ ሞተር ብስክሌት ገበያ

ያገለገለ ዕቃ ዋጋው እየወረደ እንደሚሄድ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። በእንግሊዝ አገር ግን ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ ሲነዱት የሚያንቀጠቅጥ፣ በእግር ተረግጦ የሚነሳ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከአዲሱ ባልተናነሰ ዋጋ ሲሸጥ ይታያል። ለመሆኑ ገዢው የሚገዛው ምኑን ነው?

ትራያምፍ ቦንቪልን እንውሰድ። ይህ ባለ 650 ሲሲ ሞተር ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1959 ከሜሪደን ፋብሪካ ሲወጣ የብዙ ወጣት ምኞት ነበር። በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር መድረስ የክብር ጉዳይ በሆነበት በዚያ ዘመን፣ ጋላቢዎቹ ለንደን በሚገኘው ኤስ ካፌ ይሰባሰቡ ነበር። እሁድ ጠዋት ካንዴላ ሲፈቱ፣ የላላ ብሎን ሲያጠብቁ ማርፈድም የደስታው ክፍል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969 የጃፓኑ ሆንዳ ሲቢ 750 መጣ። ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ቁልፍ ሲጫኑት ይነሳል፤ ከፊት ዲስክ ፍሬን አለው። ገዢው ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ሜሪደን እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ጆን ብሎር የተባሉ የሕንፃ ሥራ ባለሀብት የትራያምፍን ስም ገዙ። በሂንክሊ አዲስ ፋብሪካ አቋቁመው፣ ቦንቪል የሚለውን ስም በ2001 ሞዴል መለሱት። ፋብሪካው ሲሞት ስሙ ገንዘብ ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው።

የአሮጌዎቹም ገበያ በዚሁ ትዝታ ይኖራል። ሲያገባ ሞተሩን ሸጦ ለቤት ዕቃ ያዋለው ወጣት፣ ጡረታ ሲወጣ ያንኑ ዓይነት ይፈልጋል። በእንግሊዝ ታርጋ በአብዛኛው ከተሽከርካሪው ጋር ስለሚቆይ፣ የቀድሞ የራሱን ሞተር በታርጋው የሚያፈላልግም አለ።

ነገር ግን በትዝታ ዓይን የሚገዛ ሰው ይታለላል። ብልህ ገዢ ከቀለሙ በፊት ቁጥሩን ያያል። ትራያምፍ ከፋብሪካ ሲወጣ በሞተሩና በቴላዮው ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ነበር። ከተለያየ አንዱ ተለውጧል፤ ዋጋውም ይወርዳል።

ለትርፍ ብሎ የሚያከማች ነጋዴ ደግሞ አንድ ነገር ያስብበት። በወጣትነቱ ቦንቪል የጋለበው ትውልድ እያረጀ ነው። ትዝታው የሌለው ልጁ ያንኑ ዋጋ ይከፍላል ወይ? መጋዘን ተቆልፎበት የሚቆም ሞተር ለማንም ትዝታ አይተውም። ነገ ገዢ እንዲኖረው ዛሬ መንገድ ላይ መታየት አለበት።