ከላቫጆ የወጣች ፒክአፕ ስንት ታወጣለች?

ለሽያጭ የቀረበች ፒክአፕ ቆሽሻ አትታይም። ደላላው ስልክ ደውሎ “ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ናና እያት” ካለ፣ መኪናዋ ማታውኑ ላቫጆ ገብታለች ማለት ነው። ገዢ ሲደርስ ኮፈኗ ያብለጨልጫል፣ ጎማዋ በቅባት ተወልውሎ ጠቁሯል፣ ጋቢናውም ሽቶ ሽቶ ይላል። የእጥበቱ ሒሳብ ጥቂት መቶ ብር ነው። ድርድሩ ግን በሚሊዮን ብር የሚቆጠር ነው። ለመሆኑ ይህቺ የጥቂት መቶ ብር ሥራ በዋጋው ላይ ምን ያህል ድርሻ አላት?

በአገራችን ያገለገለ መኪና ዋጋው እንደ ሌላው ዓለም በየዓመቱ ቁልቁል አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና በሚያስገቡት ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2022 ደግሞ መኪና የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ይህ ክልከላ የተነሣው በ2024 አጋማሽ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይም ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። ስለሆነም ቀድሞ አገር ውስጥ የገባችው ናፍጣ ጠጪ ፒክአፕ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ለነጋዴው የጭነት መሣሪያ፣ ለባለሀብቱ የቁጠባ ደብተር፣ ለባንኩ ደግሞ የብድር መያዣ ናት። ሦስቱም ወገኖች የሚያዩት ያንኑ ላሜራ ነው።

ፒክአፕ በንጽሕና ረገድ እንደ ያዢዋ ናት። በዕርዳታ ድርጅት ስም የምትሄደው (በቆየው የሰሌዳ አሠራር ኮድ 35 የምትባለው) ደብል ጋቢና ገጠር ሰንብታ ብትመጣም በማግስቱ ታጥባ ትቆማለች። ለምን ቢሉ፣ ሾፌሩ ደመወዝ የሚከፈለው ለመንዳት ብቻ ሳይሆን ለመያዝም ጭምር ነው። መኪናዋ የእርሱ ባትሆንም መልኳ የእርሱ ስም ነው፤ የእጥበቱንም ሒሳብ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። በዚህ የተነሣ “የድርጅት መኪና ናት” የሚለው አባባል በደላሎች ዘንድ እንደ ምስክር ወረቀት ያገለግላል። ይሁንና ንጹሕ ናት ማለት ቀላል ሥራ ሠርታለች ማለት አይደለም። ኮረኮንች ላይ ሲደበደብ የኖረ ባሌስትራና አሞርዛተር በሳሙና አይጠገንም።

ኮንትራክተሩ ሁለት ፊት አለው። ከሳይት ሳይት ሲዘዋወር ጭቃው ሥራ እንዳለው ስለሚመሰክርለት አያሳጥባትም። ባንክ ብድር ሊጠይቅ ወይም ጨረታ ሊያስገባ ሲሄድ ግን ያቺው መኪና ከላቫጆ ወጥታ በር ላይ ትቆማለች። ይህን ግብዝነት ነው ማለት አይቻልም። ሰው ለጉዳዩ ልብስ እንደሚቀይር ሁሉ እርሱም የሚቀይረው የመኪናዋን ልብስ ነው።

በራሱ ሲንግል ጋቢና ሲሚንቶና ብረት የሚያመላልሰው ነጋዴ ግን ለላቫጆ ጊዜ የለውም። መስታወቱንና መቀመጫውን ያስወለውላል፤ ካሶኒውን አይነካም። ጋቢናው እንደ ሳሎን፣ ካሶኒው እንደ መጋዘን ይያዛል። ከሁሉም የከፋ ዕድል የሚገጥማት በዕለት ገቢ ለሾፌር የተሰጠችው ናት። ባለቤቱ ገቢውን እንጂ መኪናዋን አያያትም። ሾፌሩም ላቫጆ የሚያጠፋውን አንድ ሰዓት በአንድ ምልልስ ሊለውጠው ይሻል።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ፒክአፕ በብዛት የሚገዛ የቤት መኪና ነው፤ የፎርድ ኤፍ ሲሪስ ከ1977 ጀምሮ በፒክአፕ ሽያጭ አንደኝነቱን ይዞ ኖሯል። ስለሆነም ካሶኒዋ ጭረት የሌለባት የምታብለጨልጭ ፒክአፕ የሚነዳ ሰው “ዕቃ ጭኖ አያውቅም” ተብሎ ይቀለድበታል። በእኛ ገበያ ግን ካሶኒዋ ያልተነካ ፒክአፕ የሚያገኝ ገዢ ስለት እንደደረሰለት ይቆጥረዋል።

ለመሆኑ ቆሻሻው ራሱ ይጎዳል? ዓይነቱ ይወስነዋል። የበጋ አቧራ መልክ ያበላሻል፤ የአየር ማጣሪያውን ካልዘጋው በቀር ብዙ ጉዳት የለውም። የሐምሌና የነሐሴ ጭቃ ግን ሌላ ነው። በሻንሲው ማጠፊያና በፓራፋንጎው ውስጥ ተለጥፎ ለሳምንታት እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። የሚጫነው ዕቃም እንደዚሁ ይለያያል። ጨው ዝገትን ያፋጥናል፤ ማዳበሪያና የከብት ሽንትም ብረት ይበላሉ። ሲሚንቶ ውኃ ሲነካው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ቀለምም ያበላሻል። ጨው የጫነችን ፒክአፕ በዚያው ዕለት ካሶኒዋንና ሆዷን በንጹሕ ውኃ ማጠብ የመልክ ጉዳይ ሳይሆን የንብረት ጥበቃ ነው።

የሻንሲ ዝገት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ የቶዮታ ታሪክ ያሳያል። በሰሜን አሜሪካ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። የታኮማ፣ የተንድራና የሴኮያ ባለቤቶች ሻንሲው በቂ የዝገት መከላከያ አልተደረገለትም ብለው ከሰሱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 በደረሰበት ስምምነት 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪኖች እንዲመረመሩና ሻንሲያቸው የተበላው እንዲቀየርላቸው ተስማማ፤ ወጪው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። እዚህ ግን ሻንሲው የተበላበት ገዢ የሚከሰው የለውም።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም ይህን ገበያ ከረሱት ጉዳዮች አይደለም። አሜሪካኖች ውስጧ የተበላሸ መኪና “ሎሚ” ይሏታል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ስለ ሎሚዎች ገበያ በሚተርክ ጽሑፉ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ገዢው ሁሉንም በጥርጣሬ ዝቅ ባለ ዋጋ ይጠይቃል፤ በዚያ ዋጋ ደግሞ ደህና መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ለሎሚዎቹ ይቀራል አለ። በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ስፔንስ በበኩሉ ምልክት የሚታመነው መጥፎው ወገን በቀላሉ ሊያስመስለው የማይችል ሲሆን ነው ብሏል። በዚህ ሚዛን የኮፈን ማብለጭለጭ ዋጋ የለውም፤ ደህናዋም ሎሚዋም በአንድ ላቫጆ፣ በአንድ ዋጋ ይታጠባሉ። በአንድ ሌሊት የማይሠራ ንጽሕና ግን ሌላ ነገር ነው። የበር ማጠፊያ፣ የመቀመጫ ሥር፣ የባትሪ ማስቀመጫ፣ የሻንሲው የውስጥ ገጽ፣ የካሶኒው ጥግ ንጹሕ ከሆኑ መኪናዋ ለዓመታት ስትያዝ እንደኖረች ይመሰክራሉ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የሚገዛ ሰው ከውኃው መጀመር አለበት። ገና ያልደረቀች መኪና አይታይም። ውኃ በቀለም ላይ ሲቀመጥ ጭረቱንና የቀለሙን ልዩነት ይሸፍናል፤ ስለዚህ ደርቃ፣ በቀን ብርሃን፣ ከጎን አጎንብሶ ማየት ነው። ስቱኮ በበዛበት ላሜራ ላይ ማግኔት አጥብቆ አይዝም፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ማግኔት ከደላላው ምላስ ትሻላለች። አዲስ ምንጣፍ ከተነጠፈ መግለጥ ነው። የሽቶው ብዛት ራሱ ያጠራጥራል፤ ከምንጣፉ ሥር እርጥበት ካለ በመጀመሪያ የሚታወቀው በሽታው ነውና። የፔዳሉ ጎማ አልቆ ቆጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር ካሳየ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ካሶኒው በፕላስቲክ ከተሸፈነ ፕላስቲኩ ይነሣ፤ ከሥሩ ውኃና አሸዋ ሲያጠራቅም ስለሚኖር ላዩ ታጥቦ ሥሩ የዛገ ብዙ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን የሞተር እጥበት ነው። ሞተር በኃይለኛ ውኃ ሲታጠብ ዲናሞውና የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹ ውኃ ሊገባባቸው ስለሚችል ጠንቃቃ ባለቤት አዘውትሮ አያሳጥበውም። ለሽያጭ ዋዜማ የታጠበ ሞተር ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ተሸክሟል፤ ዘይት የሚያልብበት ቦታ በአቧራ ተለውሶ ጥቁር ምልክት ስለሚተው ያንን ምልክት ማጥፋት አስፈልጓል። ማንኛውም ገዢ ቀጠሮ ሲይዝ “ሞተሯን ሳታሳጥብ አሳየኝ” ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ሻጩም ይህን እንደ ስድብ ሊቆጥረው አይገባም። የጋራዥ ደረሰኝና የዘይት ቅያሪ መዝገብ ይዞ፣ ከነአቧራዋ የሚያቀርብ ሻጭ ካለ፣ በዚህ ዝግጅት ክፍል አስተያየት ከሌላው ጥቂት ጨምሮ ቢጠይቅ ያስኬደዋል።

ሞተሯ ታጥባ ከቆየች ደግሞ መድኃኒቱ ዳገት ነው። ከራስ መካኒክ ጋር ሆኖ ወደ እንጦጦ አንድ ሰዓት ያህል ማስኬድና ወርዶ ኮፈኑን እንደገና መክፈት። ሞተሩ ሲግል የታጠበው ዘይት ተመልሶ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ደላላው ስልክ የሚደወልለት ልክ በዚያች ሰዓት ነው።