የጣርማበር በር እና የደሴ መንገድ

ጣርማበር የሸዋ ደጋ አብቅቶ ወደ ይፋት ቆላ መውረድ የሚጀመርበት የተራራ በር ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ የሚሄደው ዋና መንገድ በዚሁ ያልፋል። በሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከሥሩ ያለችው ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተጓዡ ጋቢ ለብሶ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ላብ የሚጠርገው ለዚህ ነው።

መኪና ከመምጣቱ በፊት ገደሉን የሚወጡት የሚወርዱትም እግረኛና የጭነት አጋሰስ ነበሩ። የመኪና መንገድ ወደ ደሴ የተዘረጋው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ሲገሰግስ ኢትዮጵያውያን ጣርማበር ላይ መንገዱን አፍርሰው ጠበቁት። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችም በሩን ለመከላከል ተሰልፈው ነበር። ወጣቶቹ ወራሪውን ማስቆም ባይችሉም፣ ሌላው መከላከያ በፈራረሰበት ሰዓት እዚያ መቆማቸው ብቻውን ሊታወስ የሚገባው ነው። የጠላት ጦር መንገዱን ጠግኖ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው፣ ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋው ዋሻ የተሠራው በወረራው ዓመታት ነው። ብዙዎች እስካሁን «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይሉታል። የቦታው ስም ከወራሪው አስቀድሞ የነበረ ነውና ጣርማበር ማለቱ ይሻላል። የሥነ ምድር ባለሙያዎችም የአካባቢውን እሳተ ገሞራ ወለድ ጥቁር ድንጋይ በዚሁ ስም ይጠሩታል።

በክረምት ጉሙ መንገዱን ሲሸፍን ከፊት ያለው መኪና የሚታወቀው በመብራቱ ብቻ ነው። ከባድ መኪና ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ስለሚል፣ የለመደ ሾፌር ገና ከዋሻው ሲወጣ ማርሽ ይቀንሳል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ይታያሉ።

ከዋሻው በታች ደብረ ሲና ትገኛለች። አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከብባሉ፤ የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ መንገደኛ ጥቂት ነው።