የባልዲዎቹ ካርታ

ሳይቱን የተረከብነው በጥር 2016 ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጣሪያው ላይ አንዲት ጠብታ በሌለበት ጊዜ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅርና ሦስተኛ ፎቅ ላይ መዝገብ ቤት አለው። የመዝገብ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ደግሞ ቡና የተደፋበት የሚመስል ሰፊ ዕድፍ አለ። የሥራ ዝርዝሩ ስለዚህ ዕድፍ ያለው አንድ መስመር ነው፤ የተበላሸውን ቺፑድ አንሥቶ በአዲስ መተካት፣ ሦስት እጅ ቀለም መቀባት፣ መለኪያው ካሬ ሜትር። ውኃው በየት በኩል እንደገባ የሚጠይቅ መስመር የለም። ተቆጣጣሪ ሆኜ ስመደብ እኔም አልጠየቅሁም።

ዝርዝሩን ያዘጋጀው ባለሙያ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የግዥ ዕቅድ ጸድቆ፣ ልኬት ተወስዶ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ቅሬታ ተሰምቶ ውል እስኪፈረም ገና አልፎ ጥምቀት ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ከዓመቱ ዝናብ ግማሹ ገደማ የሚወርደው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጣሪያውን የምንለካው በደረቁ፣ የምንረከበው በሰኔ ጥድፊያ፣ የሚፈተነው እኛ ከሄድን በኋላ። ሰኔ ላይ «ገንዘቡ ተመላሽ ሊሆን ነው» የምትባል ነገር አለች፤ እሷ ከተነገረች ቀለሙ ያልደረቀ ግድግዳም ይረከባል። ጊዜያዊ ርክክቡን ስንፈርም ኮሚቴው ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፣ «አምሯል» አለ፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ተደወለልኝ። ስደርስ አዲሱ ኮርኒስ ላይ ያው የቡና ዕድፍ ቦታውን ይዟል። የጡረታ ፋይሎቹ ላስቲክ ለብሰዋል። በመደርደሪያዎቹ መሐል ሦስት ባልዲ ተቀምጧል፤ አንዱ ተቋራጫችን ጥሎት የሄደው የቀለም ባልዲ ነው። በዕድሜ ጠና ያሉ የጽዳት ሠራተኛ ውኃ ደፍተው ሲመለሱ አገኘኋቸው።

«እናቴ፣ ሁሉም እኩል ነው የሚያፈሱት?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን እኩል፣ ኢንጂነር!» አሉ ባልዲውን ቦታው ላይ እያስተካከሉ። «ይቺኛዋ ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ሲኖር ብቻ ናት። ያቺ በረዶ ሲጥል ነው። የጥጓ ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የምትጀምረው፤ አንዳንዴ እስከ ማታ ጠብ ጠብ ስትል ታመሻለች።»

ይህን ቀድመው ለምን እንዳልነገሩን ጠየቅኋቸው። «እናንተ ስትመጡ እኮ ክፍሉን ጠርጌ እንድወጣ ነው የሚነግሩኝ» አሉ።

ሦስት ባልዲ፣ ሦስት በሽታ። የነፋሷ፣ ቆርቆሮው ከግንቡ ጋር የሚጋጠምበት ስንጥቅ ናት። የበረዶዋ ከአሸንዳው ጥበት ነው፤ በረዶ ሲሞላው ውኃው ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ያስቸገረችን የጥጓ ነች። ሕንፃው በ1950ዎቹ የተሠራ ነው። የዝናብ ማውረጃ ቱቦው ከውጭ እንዳይታይ ብለው ኮለኑ ውስጥ ቀብረው ኮንክሪት ሞልተውበታል። ቱቦው በባሕር ዛፍ ቅጠልና በርግብ ኩስ ተደፍኗል። ውኃው ሶሌታው ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ሰማዩ ሲጠራ ባልዲው የሚሞላው ለዚህ ነው። ፌሮውም ዝገት ጀምሮታል።

ተቋራጩ ውል ውስጥ የሌለ ሥራ አልሠራም አለ። እውነቱን ነው፤ ከክፍያው የያዝንበት 5 በመቶ እሱ ላበላሸው እንጂ እኛ ላላየነው አይደለም። የተጨማሪ ሥራ ዋጋ እንዲያቀርብ ጠየቅነው፣ አቀረበ። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ለ15 ቀን ብቻ የጸናው ዋጋም ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ጊዜው አለፈበት። የፕላስቲክ ቱቦ እዚህ ይመረት እንጂ ጥሬ ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። በአዲስ ዋጋ፣ በአዲስ ደብዳቤ፣ 110 ሚሊ ሜትሩን ቱቦ በውጭ በኩል የሰቀልነው ኅዳር ላይ ነው። ፀሐይ ነበር።

ኃላፊው ቱቦውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «አፍሪካ አዳራሽን እንዴት አሳምረው እንዳደሱት አላየህም?» አሉኝ። በ1953 የተመረቀው አዳራሽ ታድሶ የተከፈተው ያኔው ጥቅምት ላይ ስለነበር ወሬው ትኩስ ነው። አይቻለሁ፣ ያምራል። እዚያ ግን አዳራሹን ዘግተው ዓመታት ሠርተውበታል፤ እኛ ታች ባለጉዳይ ተሰልፎ ላይ ድሪል እናስጮሃለን። የቱቦውን አስቀያሚነት ግን አልካድኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ለዕድሳት የታሰበ ሕንፃ ካለ ነሐሴ ላይ ጃንጥላዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ጠመኔ አለ። ባልዲ የተቀመጠበትን ወለል እከብበዋለሁ፣ ከክቡ አጠገብ መቼ መቼ እንደሚያፈስ እጽፋለሁ፣ ፎቶ አነሣለሁ። ባለፈው ነሐሴ አንድ ቢሮ መምጣቴን ቀድመው ሰምተው ኖሮ ኮሪደሩ ተወልውሎ፣ ባልዲዎቹ ተደብቀው ጠበቁኝ። ቴራዞው ላይ ክብ ክብ የእርጥበት ምልክት ብቻ ቀርቷል፤ እሱኑ በጠመኔ ከበብኩት። የጽዳት ሠራተኛዋን ጥሩልኝ አልኩ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ፈቃድ ላይ ናት አሉኝ።